ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ግድግዳ በኮምፒውተር እንዴት ይሳላል?

የቤት ግንባታ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደላንታ፣ ከወገልጤና ነው። የኮንስትራክሽን ተማሪ ነኝ። በአያቴ ይዞታ ላይ የቤተሰብ ቤት ልንሠራ ነው፤ ፕላኑን እኔ ልሳለው ብዬ ተነሥቻለሁ። አያቴ የሚፈልጉት እንደ ድሮው ቤታቸው ዓይነት ግድግዳ ነው። ከመሠረቱ ላይ 80 ሳንቲም ይወፍራል፣ ከጣሪያው ሥር 50 ሳንቲም ይደርሳል። ከውስጥ በኩል ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያዘምመው ከውጭ ብቻ ነው። ቁመቱ 3 ሜትር፣ የቤቱ ውጫዊ ልክ ከመሠረቱ ላይ 8 በ6 ነው። ስዊት ሆም 3ዲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሞከርኩት። ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ብቻ ነው የሚያቆምልኝ። አንዱን ጫፍ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ግድግዳው አላዘመመም፤ ቁመቱ ብቻ አነሰ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አያትህም የጠየቁት ጥሩ ነገር ነው። እኔ ደሴ ተቀምጬ የቤት ፕላን ስስል እውላለሁ። ብዙ ሰው የድንጋይ ቤት ሲፈልግ በብሎኬት አሠርቶ ላዩን ድንጋይ ማስለበጥ ነው የሚቀናው። አንድ ቤተሰብ የአባቶቹን ግድግዳ እንደ አሠራሩ እንድገመው ሲል ስሰማ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የያዝከው ሶፍትዌር ግድግዳን የሚያውቀው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ የተለያየ ቁመት መስጠት ይፈቅዳል። ያ ግን የተሠራው ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ለሚወርድ ቤት ነው። የግድግዳው አናት ይዘቀዝቃል እንጂ ፊቱ አያዘምምም። በዚህ ላይ ጊዜህን አትጨርስ። የክፍሎቹን አቀማመጥና የዕቃውን ቦታ ለማየት ተጠቀምበት፤ ለዚያ ጎበዝ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ግድግዳውን ግን ሌላ ቦታ እንሠራዋለን።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንለይ፤ ስህተቱ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። ያዘመመ ግድግዳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውፍረቱ ከታች እስከ ላይ አንድ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የሚያጋድል ነው። ሁለተኛው አንዱ ፊቱ ቀጥ ብሎ ሌላው ፊቱ ገባ እያለ የሚወጣ፣ ማለትም ወደ ላይ የሚቀጥን ነው። ያንተ ሁለተኛው ነው። አብዛኛው ሰው ሶፍትዌሩ ውስጥ "ያዘመመ ግድግዳ" የሚል ምርጫ ሲያገኝ ደስ ብሎት አንደኛውን ይጫናል። ምስሉ ከውጭ ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ግድግዳው በላይህ ላይ አጋድሏል። በልክህ ብናሰላው ከወለሉ ላይ 4 ሜትር ከ40 የሆነው ክፍል ከጣሪያው ሥር 3 ሜትር ከ80 ይሆናል። ቁም ሣጥን ግድግዳውን ተጠግቶ አይቆምም። ከሁሉ የሚብሰው፣ ድንጋይና ጭቃ እንደዚያ አጋድሎ አይቆምም። ግንበኛ ያንን ሥዕል ይዞ ሥራ ቢጀምር አደጋ ነው።

የምትቀጥን ግድግዳ ግን በራሷ ትቆማለች። ክብደቷ ወደ ታች ነው፣ የቤቱ ጣሪያ ወደ ውጭ ሲገፋት የምትቆምበት ሰፊ እግር አላት። እኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወሎ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ እንዳልነበረች አድርጓት ነበር። ስለዚህ ግድግዳው ቢወፍርም ዙሪያውን የሚያስር ነገር ያስፈልገዋል። ከላይ ቶፕ ታይ ቢም፣ ማለትም ግድግዳውን ከአናቱ ዙሪያ የሚያስር የአርማታ ቀበቶ፣ ወይም በየመሀሉ የእንጨት ማሰሪያ። የእንጨቱ ነገር አዲስ አይደለም፤ ላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ብታየው፣ ግድግዳው ላይ እንጨትና ግንብ እየተፈራረቁ ነው የወጡት። የትኛው እንደሚበጅህ ቦታውን አይቶ የሚወስን የስትራክቸር መሐንዲስ አማክር። ይህን በሥዕል ብቻ አትለፈው።

አሁን ወደ ልኩ። ከ80 ወደ 50 ለመድረስ በ3 ሜትር ውስጥ 30 ሳንቲም ይገባል፤ በአንድ ሜትር 10 ሳንቲም ማለት ነው። ሶፍትዌሮች የሚጠይቁህ በዲግሪ ነው። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ሲለካ 5.71 ዲግሪ ነው። አንዳንዱ ግን የሚለካው ከወለሉ ተነሥቶ ስለሆነ እዚያ 84.29 ብለህ ትጽፋለህ። ሁለቱን አታምታታ።

ስኬችአፕ በሚባለው የ3ዲ መሣያ ሶፍትዌር እንጀምር፤ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሠራው ነፃው ይበቃሃል። 8 በ6 አራት ማዕዘን ሣል። መስመሩን በልክ ወደ ውስጥ በሚደግመው መሣሪያ፣ በኦፍሴት፣ 80 ሳንቲም ወደ ውስጥ ግባ። የመሀሉን ተወውና የቀለበቱን ፊት በፑሽ ፑል፣ ፊትን በሚስበውና በሚገፋው መሣሪያ፣ 3 ሜትር አንሣ። እስካሁን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። አሁን ከላይ ያለውን የውጭውን ጠርዝ ብቻ ምረጥ፤ ፊቱን ሳይሆን መስመሩን። በማንቀሳቀሻው መሣሪያ፣ በሙቭ፣ 30 ሳንቲም ወደ ውስጥ ሳበው፤ ቀዩን ወይም አረንጓዴውን አቅጣጫ ይዘህ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሄድ። አራቱንም ጎን እንዲሁ አድርግ። አለቀ። የላይኛው ውጫዊ ልክ 7.40 በ5.40 መምጣቱን በመለኪያው አረጋግጥ። ሌላ ቁጥር ካመጣ አንዱ ጎን ተንሸራትቶብሃል ማለት ነው። ማዕዘኑ ላይ ሁለት ፊቶች ስለሚገናኙ የማዕዘኑ መስመር በሜትር 14 ሳንቲም ያህል እንደሚገባ ታያለህ። ከጎኖቹ በላይ የተጋደለ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ ትክክሉ ነው።

መስኮት ስትከፍት ነው የምትቸገረው። ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ስለህ በፑሽ ፑል ስትገፋው ተቀዶ ይሄዳል። እዚህ ግን የውስጡና የውጩ ፊት ትይዩ አይደሉም፤ ስለዚህ አይቀደድልህም። መላው ይህ ነው። ከግድግዳው ውፍረት የሚበልጥ፣ የመስኮቱን ስፋትና ቁመት የያዘ ሣጥን ለብቻው ሥራ። በግድግዳው መሀል አሳልፈህ አቁመው፣ በሁለቱም በኩል ወጣ ይበል። ከዚያ ሁለቱንም መርጠህ ፊቶቹ የሚቆራረጡበትን መስመር የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ ኢንተርሴክት ፌስስ፣ በለው። መስመሮቹ ግድግዳው ላይ ይታተማሉ። የተረፈውን ፊት እየመረጥህ ታጠፋለህ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሦስተኛው መስኮት በኋላ ግን እጅህ ይለምደዋል።

ሬቪት የሚባለው የሕንፃ ሥዕል ሶፍትዌር ካለህ ሥራው ይቀላል፤ ለተማሪዎች በነፃ ይሰጣል። ያጋደለ ግድግዳ የገባው በ2021 ዕትም ነው። ላንተ የሚሆነው፣ የሚቀጥነው፣ በ2022 ነው የመጣው። ግድግዳውን መርጠህ ክሮስ ሴክሽን (የግድግዳው ቁራጭ ቅርጽ) የሚለውን ወደ ቴፐርድ (የሚቀጥን) ቀይር። የውስጡን ማዕዘን 0፣ የውጩን 5.71 አድርግ። ከግድግዳው ንብርብር አንዱ ውፍረቱ የሚለዋወጥ ተብሎ መመረጥ አለበት፤ ያንተ ድንጋዩ ነው። አርኪካድ በሚባለው ሌላ የሕንፃ ሥዕል ሶፍትዌር ደግሞ የግድግዳው ማስተካከያ ላይ በሁለቱም በኩል ለየብቻ ማዕዘን የሚሰጥበት ምርጫ አለ። የውስጡን 90፣ የውጩን 84.29 ትለዋለህ።

ሬቪትም አርኪካድም በሩንና መስኮቱን ከግድግዳው ጋር እንዲያዘምሙ ወይም ቀጥ እንዲሉ ያስመርጡሃል። ቀጥ አድርጋቸው። ያጋደለ በር ማጠፊያው ላይ አይረጋም፤ ስትለቀው በራሱ ይዘጋል ወይም ይከፈታል። መስኮቱ ቀጥ ሲል ደግሞ የሚፈጠረውን አስተውል። ከወለሉ 1 ሜትር ላይ የሚነሣ፣ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለው መስኮት ነው እንበል። ከሥሩ ግድግዳው 70 ሳንቲም ነው፣ ከጉበኑ ላይ 58። መቃኑን ከላይ ከውጩ ፊት እኩል ብታደርገው፣ ከታች 12 ሳንቲም የሚሆን ደረት ወደ ውጭ ይተርፋል። የክረምቱ ዝናብ እዚያ ላይ ይተኛል። ወደ ውጭ ዘቅዘቅ አድርገህ ሣለው፤ ሥዕሉ ላይ ካልታየ ግንበኛው ጠፍጣፋ አድርጎ ይተወዋል።

ስለ ዝናብ ካነሣን፣ የጣሪያው ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ሶፍትዌሩ የቆርቆሮውን ክፈፍ የሚለካው ከግድግዳው አናት ነው። ብዙ ጊዜ 40 ሳንቲም ይወጣል ብለን እንሞላለን። ያንተ ግድግዳ ግን እግሩ ከአናቱ 30 ሳንቲም ወደ ውጭ ወጥቷል። ስለዚህ ከክፈፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ከግድግዳው እግር 10 ሳንቲም ብቻ ርቆ ነው የሚያርፈው። ነፋስ ሲጨመርበት ግድግዳው ላይ ነው። ጭቃ ያያዘው ድንጋይ በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴን እንዲህ ካሳለፈ ከሥሩ ይበላል። ክፈፉን 80 አድርገው፤ ከእግሩ 50 ሳንቲም ይርቅልሃል። አሸንዳም ብታስገባለት የተሻለ ነው። ይህን ለማየት ቤቱን ከፊት ለፊት አትመልከተው። በጎን ቁረጠውና ከክፈፉ ጫፍ እስከ መሬት ቀጥ ያለ መስመር ጣል፣ ከእግሩ ያለውን ርቀት ለካ።

ፕላኑን ስታትመው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የወለል ፕላን ቤቱን ከወለሉ ከፍ ብሎ ቆርጦ ነው የሚያሳየው፤ ሬቪት ካልነካኸው በ1 ሜትር ከ20 ላይ ይቆርጠዋል። እዚያ ላይ ያንተ ግድግዳ 68 ሳንቲም ነው። ወረቀቱ ላይ 68 ተብሎ ይወጣል። ግንበኛው ያንን ይዞ መሠረት ቢያወጣ 12 ሳንቲም ጎድሎበታል። ስለዚህ ከሥር 80፣ ከላይ 50 ብለህ በግልጽ ጻፍበት። የመሠረቱን ፕላን ለብቻው አውጣ። ግድግዳውን ስትስል የምትነሣበት መስመር የውስጡ ፊት ይሁን፤ እሱ ከታች እስከ ላይ አይንቀሳቀስም።

የእንጨት ማሰሪያ የምታስገባ ከሆነ ርዝመቱ በየከፍታው ይለያያል። ከጉበኑ ልክ፣ በ2 ሜትር ከ20 ላይ፣ የረጅሙ ጎን ውጫዊ ልክ 7.56 ነው እንጂ 8 አይደለም። እንጨት ከመቁረጥህ በፊት ከሞዴሉ ላይ ለካው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሚያስፈልግ በድንጋዩ ልኬት ታየዋለህ። በርና መስኮት ሳይቀነስ የቀጠነው ግድግዳ 47 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ቀጥ ባለ 80 ሳንቲም ብትስለው ሶፍትዌሩ 59 ተኩል ይልሃል። ልዩነቱ 12 ሜትር ኩብ ነው። ስንት ቢያጆ ድንጋይ እንደሆነ በአካባቢህ መኪና አስላው። የማጓጓዣውን ዋጋ አያትህ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

በመጨረሻ ግንበኛው ጋ ስትሄድ 5.71 ዲግሪ ብለህ አትንገረው። በሜትር 10 ሳንቲም ይገባል በለው። ቱንቢ የሚያውቀው ቀጥታውን ነው፤ ያዘመመውን ፊት የሚለካበት ሳንቃ አሠራለት። 2 ሜትር ርዝመት ያለው፣ አንዱ ጫፉ 5 ሳንቲም፣ ሌላው ጫፉ 25 ሳንቲም ስፋት ያለው ሳንቃ። ቀጥተኛው ጠርዝ ላይ ቱንቢው ይንጠለጠላል፣ ያዘመመው ጠርዝ ግድግዳውን ይነካል፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። ክሩ ከቀጥተኛው ጠርዝ ጋር ሲገጥም ግድግዳው ልኩን ይዟል። የሳንቃውን ሥዕል ከፕላኑ ጋር በአንድ ወረቀት አውጣው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማዕዘን ወደ ድንጋዩ የሚደርሰው በዚህች ሳንቃ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ላሊበላ ነኝ። ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። በከተማችን እንዳሉት የጥንት ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች ዓይነት አንድ ክፍል ማሠራት እፈልጋለሁ። ውስጡ 5 ሜትር ስፋት፣ ቁመቱ 5 ሜትር፣ ከታች 80 ከላይ 50። የሚስልልኝ ልጅ ክብ ሆኖ የሚቀጥን ግድግዳ አይቻልም አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። እንዲያውም ከአራት ማዕዘኑ ይልቅ ክቡ ይቀላል፤ ማዕዘን የለውማ።

ለልጁ እንዲህ ይበሉልኝ። በስኬችአፕ መሬት ላይ 2 ሜትር ተኩል ራዲየስ ያለው ክብ ይሣል። ሶፍትዌሩ ክብን በ24 ቀጥ ያሉ ጎኖች ነው የሚሠራው፤ ወደ 96 ያሳድገው፣ አለዚያ ግድግዳው ማዕዘናም ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የግድግዳውን ቁራጭ፣ ማለትም ግድግዳውን በቢላ ቢቆርጡት የሚታየውን ቅርጽ፣ ቀጥ አድርጎ ያቁመው። ከሥር 80፣ ከላይ 50፣ ቁመቱ 5 ሜትር፣ የውስጡ ጎን ክቡን የሚነካ። ክቡን መርጦ ፎሎው ሚ (ቅርጽን በመስመር ላይ የሚያስኬደው መሣሪያ) ይበልና ቁራጩን ይጫን። ቅርጹ ክቡን ዞሮ ግድግዳ ይሆናል። የሚገባው በሜትር 6 ሳንቲም ነው፣ 3.43 ዲግሪ።

ደረጃው ከውጭ ከሆነ ልብ ይበሉ። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ ከላይ ሲደርስ ከግድግዳው ይለያል። ለምሳሌ 2 ሜትር ተኩል ላይ ግድግዳው 15 ሳንቲም ገብቷል። ያ ክፍተት የልጅ እግር ይገባበታል። ልጁ በሞዴሉ ላይ አይቶ ደረጃውን እስከ ግድግዳው ድረስ ይሙላው። መስኮቶቹን ጠባብ ያድርጓቸው፤ ክብ ግድግዳ ላይ ሰፊ መስኮት መቃኑ ከድንጋዩ ጋር አይገጥምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜትር ይዘው ሄደው የጥንቶቹን ቤቶች ይለኩ፤ ከሥር፣ ከመሀል፣ ከላይ። ከእኔ ቁጥር ይልቅ የእነሱን ይመኑ። ከተማችሁ ቅርስ ናትና፣ ከመገንባትዎ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ፈቃድ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ለመዝናኛ የሚሆን፣ ጣሪያው እስከ መሬት የሚወርድ ሦስት ማዕዘን ቤት እየሣልኩ ነው። የጎን ግድግዳዎቹን በ60 ዲግሪ ማጋደል አቃተኝ።

መልስ፦ በግድግዳ መሣሪያ አትልፋ። እነዚያ ጎኖች ጣሪያ ናቸው። በጣሪያ መሣሪያው 60 ዲግሪ ሰጥተህ እስከ ወለሉ አውርዳቸው፤ ቆርቆሮው፣ ወራጁና ኮርኒሱ በትክክለኛ ቦታቸው ይገባሉ። ግድግዳ የሚሆኑት የፊትና የኋላው ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። ግድግዳን ማጋደል በማይችሉ የቤት ዲዛይን ሶፍትዌሮችም መውጫው ይኸው ነው፤ በጣም ቀጥ ያለ ጣሪያ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

ወለልህን ግን ከአሁኑ አስላው። ስፋቱ 6 ሜትር ከሆነ፣ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚተርፍህ 3 ሜትር ከ70 ያህል ነው። ሰው ቆሞ የሚሄደው በዚያ ውስጥ ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን የቀረውን ለአልጋ ራስጌና ለዕቃ ማስቀመጫ መድበው፤ በሩን በጎን በኩል አታስበው፣ ከፊት ይሁን።